አዘናና የሰባት ቤት አገው ፈረስ

በአዊ ዞን የምትገኘው አዘና የከተማ ስም ብቻ አይደለችም፤ ከሰባቱ የአገው ቤቶች የአንደኛው መጠሪያ ናት። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ ዚገምና መተከል ከሰሜን የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ናቸው።

አገሩ ቀርከሃ የሚበቅልበት ለምለም ደጋ ነው። ዘንገናና ጥርባን የመሳሰሉት ሐይቆች በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝተዋል። ይህ ልምላሜ ግን ለባለቤቱ ሁልጊዜ ሰላም አላመጣለትም። በ1763 ዓ.ም. ወደ ዓባይ ምንጭ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጎንደር ገበያ በአገው ከብት፣ ቅቤና ማር ይኖር እንደነበር ጽፏል። ከእርሱ በፊትም የአፄ ሱስንዮስ ጦር በዚሁ ሕዝብ ላይ ደጋግሞ ዘምቷል። አምራቹ ሲበዘበዝ በታሪክ ገጽ የሚጻፈው ግን የዘማቹ ስም ነበር።

ሕዝቡ የራሱን ታሪክ የጻፈው በፈረሱ ነው። ፈረስ አርሷል፣ ጭኗል፣ ሙሽራ አጅቧል፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምቷል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም ይህን ውለታ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጉግስና በሽርጥ ይዘክራል። አባላቱ ይረዳዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። የጦርነት መሣሪያ የነበረው ፈረስ የእርቅና የአንድነት ማሰሪያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ በዓሉን ትርዒት ብቻ አድርጎ መመልከት ታሪኩን መቀነስ ነው። አዊኛ ዛሬ የትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ ሽማግሌዎች በዚሁ ቋንቋ የሚያወጉትን መምህሩ ሊመዘግበው፣ ከያኒውም ሕይወት ሊዘራበት ይገባል።