ብቻቸውን ወጥተው ከሰው ጉዞ የተደባለቁት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ



ከሀገሩ ብቻውን ተነሥቶ፥ በባዕድ አገር ከማያውቃቸው ስምንት ወይም ዐሥር ሰዎች ጋር ተደባልቆ፥ በመንገድ መሪ እየተመራ ተራራውንና በረሃውን የሚጐበኝ ሰው በዘመናችን ቍጥሩ በርክቷል። ይህ ሰው የዓመት ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤቱ ይቀበላል፤ ቪዛውን ያስመታል፤ ዋጋውን ለአስጐብኚው ድርጅት አስቀድሞ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ግን የሚነሣበትን ሰዓትና የሚያድርበትን ስፍራ የሚቈርጥለት ሌላ ሰው ነው። ከጉዞ ጓደኞቹ ጋር ቢስማማ መንገዱ ያጥርለታል፤ ባይስማማ ትቷቸው የሚሄድበት ስፍራ የለውም። ዛሬ የምናወራላችሁም ብቻውን ወጥቶ በሰው ጉዞ ስለሚጨመር መንገደኛ ነው።

ነገሩ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የመኪና መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሽፍታ የሚጠብቀውን ቆላና ክረምት የሞላውን ወንዝ ብቻውን ለመሻገር የሚደፍር ጥቂት ነበር። ቤተ ዘመድ ጠያቂው፥ የቆሎ ተማሪው፥ መነኵሴው፥ ሁሉም ስንቁን ቋጥሮ ሲራራ ነጋዴ እስኪነሣ ድረስ ይጠብቃል። ነጋድራሱ ተነሡ ሲል ይነሣል፤ ስፈሩ ሲል ይሰፍራል። በጉዞው ላይ ሥልጣን ባይኖረውም ከጉዞው ጋር አደጋውን ይካፈላል።

አደጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት የፈለገ የፖርቱጋሉን ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝን መጽሐፍ ይመልከት። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ዓመት በኢትዮጵያ የተቀመጠ ሰው ነው፤ (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። እርሱ እንደ ጻፈው 336 የሚሆኑ መነኰሳት አንድ ማኅበር ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ከሰሜኑ አገራችን ወጡ። በሱዋኪን አቅጣጫ ሲጓዙ ግን ወራሪዎች አደጋ ጣሉባቸው፤ ሽማግሎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ብዛታቸው አላዳናቸውም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮማ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ አልጠፋም። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለእነዚህ መንገደኞች ማረፊያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል።

አሁን ወደ አንዱ መንገደኛ እንመለስ። ከእናንተ መካከል በሥራ ምክንያት ከደሴ ወደ ምዕራብ ተጉዞ፥ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም የዘለቀ ያ ብርዳም ደጋ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። በበሽሎ፥ በዐባይና በወንጪት ወንዞች የታጠረው ይህ አገር የጥንቱ አማራ ወይም ቤተ አማራ የሚባለው ነው። በዚህም አገር ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ የሚባል በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው። (መካነ ሥላሴና መካነ ሰላም በስም ቢቀራረቡም አንድ ስፍራ እንዳይመስሏችሁ።) ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በዚሁ በመካነ ሥላሴ አገር ጎርጎርዮስ የሚባል ሕፃን ተወለደ።

አባ ጎርጎርዮስ ካደጉ በኋላ ከኢየሱሳውያን ካህናት ጋር ተወዳጁ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው በሀገሪቱ ላይ ያወጁበት ዘመን ነውና ይህ ለጊዜው የሚያስነቅፍ አልነበረም። ነገር ግን በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ኢየሱሳውያንም ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። የተሸነፈው ወገን ወዳጅ የነበረ ሰው ምን ያድርግ? አባ ጎርጎርዮስ ከተባረሩት ጋር ተጨምረው በባሕር ወደ ህንድ፥ ወደ ጎዋ ተሻገሩ። የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዟቸው ይህ ነው። መሪዎቹ ፖርቱጋሎች፥ መርከቡም የሌላ ሰው፤ እርሳቸው በመካከል ሆነው የሚከተሉ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጉዞ ክፋቱ ርቀቱ ሳይሆን መመለሻው በእጃቸው አለመሆኑ ነው።

በ1649 ሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት እናገኛቸዋለን። በዚያው ዓመት ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ፥ ለስዊድን መንግሥት የሚፈለጉ አሮጌ ሰነዶችን እንዲያስስ ተልኮ ወደ ሮማ መጣ። መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ ልብ በሉ፤ የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ የተጀመረው ሰነድ ፍለጋ በተላከ አንድ ሰው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል! ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር፤ ከአፍ ሲነገር ግን የሰማበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በከተማው መኖራቸውን እንዳወቀ ወደ እነርሱ ገሠገሠ።

ከዚህ በኋላ የአባ ጎርጎርዮስ ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ተከታይ የነበሩት መነኵሴ መምህር ሆኑ። በግዕዝ እየተነጋገሩ፥ ግዕዝ ሲጎድላቸውም ሌላ ቃል እየፈለጉ ተግባቡ። ሉዶልፍ ሊያገኘው ያልቻለውን፥ ማለት የቃሉን አነባበብ፥ የሀገሩን ልማድ፥ የአማርኛን አነጋገር፥ እርሳቸው በአፋቸው ይዘውት ነበር። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። ከቤቱ ይህን ያህል ስንቅ ይዞ እንደ ወጣ የሚያውቅ መንገደኛ ምን ያህል ይሆን?

በ1652 የሣክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ ጠራቸው። ከሮማ ተነሥተው የአልፕስን ተራራ ተሻገሩ፤ ሉዶልፍም ኑረምበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የፈጀው የጀርመን ጦርነት ካበቃ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው። መነኵሴው ያለፉበት አገር እሳት የበላው መንደርና ባለቤት ያጣ እርሻ የበዛበት ነበር። እንግዲህ ከመካነ ሥላሴ ፍርስራሽ አጠገብ የተወለደ ሰው እንዲህ ያለውን ለማየት እንግዳ አይሆንም።

በጎታ፥ ፍሪደንሽታይን በተባለው ግንብ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ተቀመጡ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፥ ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ሕግ፥ ስለ አኗኗር ይጠይቃሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጕማል፤ ጸሐፊ መልሱን ይጽፋል። ጠያቂዎቹ የሉተር ሃይማኖት ተከታዮች በመሆናቸው ጥያቄው ሁሉ ቀላል እንዳልነበረ መገመት ይቻላል። አማርኛ የሚያናግራቸው ያገር ልጅ ባጠገባቸው ሳይኖር፥ በየቀኑ ስለ አገራቸው ብቻ መናገር ምን ስሜት እንደሚያሳድር ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸውም ሆኖ ሳለ በዚያች የሦስት ወር ጊዜ የተናገሩት ቃል በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ለሚጻፈው ታሪክ መሠረት ሆነ። ከተለያዩም በኋላ ከሉዶልፍ ጋር መጻጻፋቸውን አልተዉም፤ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣሊያን ከተመለሱ በኋላ ዐሳባቸው ወደ ሀገራቸው ለመግባት ነበር። በ1658 በመርከብ ወደ ምሥራቅ ተነሡ። እንደ ገና ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተሳፍረው ሲሄዱ፥ በሶርያ ባሕር፥ በእስክንድሮን አጠገብ መርከቡ ተሰበረ፤ እርሳቸውም በዚያው ሰጠሙ።

ሉዶልፍ ታሪከ ኢትዮጵያን በ1681 አሳተመ። የታሪኩን ማብራሪያ በ1691 ሲያወጣ የመምህሩን የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል በመዳብ አስቀርጾ ጨመረበት። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በ1698፥ አስተማሪው ከሰጠሙ ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በፍራንክፈርት ከተማ ታተሙ።