ሰባት ምስክር፣ አንድ ሬሳ

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ጃፓናዊው ደራሲ ርዩኖሱኬ አኩታጋዋ «ሺንቾ» በተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ልብ ወለድ አወጣ። ርእሱ ወደ እኛ ሲመለስ «ጥሻው ውስጥ» እንደማለት ነው። ታሪኩ ተራኪ የለውም። ያለው የሰባት ሰዎች ቃል ብቻ ነው፦ እንጨት ቆራጭ፣ መንገደኛ መነኩሴ፣ ወንበዴውን የያዘ ሰው፣ አንዲት አሮጊት፣ ወንበዴው ራሱ፣ የሟች ሚስት፣ በመጨረሻም በጠንቋይ አፍ የሚናገር የሟቹ መንፈስ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን የሚመረምር ሹም አለ፤ ግን የሹሙ ጥያቄ አንድም ቦታ አልተጻፈም። መልሱን ብቻ ነው የምንሰማው። እንግዲህ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አንባቢው ሳይጠራ ሄዶ ይቀመጥበታል።

ጉዳዩ ይኸው ነው። ታኬሂሮ የሚባል የ26 ዓመት ሳሙራይ ከ19 ዓመት ሚስቱ ከማሳጎ ጋር ሲጓዝ ታጆማሩ የተባለ ወንበዴ አታሎ ጥሻ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዛፍ ጋር ያስረዋል፣ ሚስቱን ፊቱ ይደፍራታል። በማግስቱ ጠዋት ባልየው ደረቱን ተወግቶ ሞቶ ይገኛል። ማን ገደለው? ወንበዴው «እኔ ነኝ፣ ፈትቼው በጎራዴ ተዋግተን በ23ኛው ምት ጣልኩት» ይላል። ሚስትየው «እኔ ነኝ፣ በጩቤ ወጋሁት» ትላለች። ሟቹ ደግሞ «ራሴን ነኝ የገደልኩት» ይላል። ልብ በሉ፦ ማንም «እኔ አይደለሁም» ያለ የለም። እኛ የለመድነው ወንጀል የሚካድበትን ችሎት ነው። እዚህ ሦስቱም ግድያውን ይሻማሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው የሚከላከሉት ነጻነታቸውን ሳይሆን ክብራቸውን ነው። ወንበዴው ጀግና፣ ሴቲቱ ውርደትን የማትሸከም፣ ባልየው በገዛ እጁ የሞተ ባላባት ሆነው መታወስ ይፈልጋሉ።

አኩታጋዋ ታሪኩን ከሜዳ አላመጣውም። መነሻው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሰበሰበ «ኮንጃኩ ሞኖጋታሪ» የሚባል ትልቅ የተረት መድበል ነው። እዚያ ውስጥ ባልና ሚስት ይጓዛሉ፣ ዘራፊ ባልየውን በልውውጥ አታሎ መሣሪያውን ይወስድበታል፣ ያስረዋል፣ ሚስቱን ይደፍራል። ሟች ግን የለም። አንድ ተራኪ ከላይ እስከ ታች ይተርከዋል፤ ሲጨርስም ፍርድ ይሰጣል፦ ለማያውቀው ሰው መሣሪያውን ያስረከበ ሞኝ ነው፣ ብሎ። አለቀ። አድማጩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስምንት መቶ ዓመት ቆይቶ አኩታጋዋ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ ሬሳ ጨመረበት፣ ፈራጁን ተራኪ አስወጣው። በዚህ ብቻ የሰውዬው ሞኝነት ተረስቶ ሌላ ጥያቄ ተወለደ።

ስለዚህ ታሪክ የጻፉ ብዙዎች የሚያዩት የተናጋሪውን ማንነት ነው። እኔን የበለጠ የሚይዘኝ ግን ሰዓቱ ነው። እያንዳንዱ ከየት ይጀምራል? ወንበዴው የሚጀምረው ከነፋሱ ነው። ነፋስ ነፈሰ፣ የሴቲቱ መሸፈኛ ተገለጠ፣ ፊቷን ለቅጽበት አየሁት ይላል። ከነፋስ የጀመረ ሰው ግማሹን ጥፋት ለነፋስ አስረክቧል። ሚስትየው የምትጀምረው ከተደፈረች በኋላ ነው። ባልየውም እንደዚሁ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ዘራፊው ተቀምጦ ሚስቱን ሲያባብላት። የእሷ ታሪክ የሚያጠነጥነው ባሏ ባያት የንቀት ዐይን ላይ ነው፣ የእሱ ደግሞ «ግደለው» ብላ ከአፏ በወጣው ቃል ላይ። አሮጊቷ የሴቲቱ እናት ናት፤ የሟቹን ማንነት ከመናገር ትጀምራለች። እንጨት ቆራጩ ከሬሳው ይጀምራል። ሰባት መነሻ፣ ሰባት በደለኛ ማለት ይቻላል። የመነሻውን ሰዓት የመረጠ ሰው ተጠያቂውን ግማሽ መንገድ መርጦታል፤ ዋሽቶ ሳይሆን በርዋን አንድ ሰዓት አዘግይቶ በመክፈት ብቻ።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ አቀራረብ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን አውጫጭኝ ያውቁ ነበር፤ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውን የሰማውን እንዲያወጣ የሚገደድበት ሸንጎ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራ መመለስ የለም። ለሌባ ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የሚገባበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይባል ነበር። ከአኩታጋዋ ጠንቋይ ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም ዝም ያለውን ነገር በሌላ ሰው አካል የሚያናግሩ ናቸው። ልዩነቱ አውጫጭኝ መጨረሻ አለው፤ አንድ ስም ይወጣል። የጃፓኑ ሸንጎ ግን አይበተንም።

በ1950 አኪራ ኩሮሳዋ ይህንን ታሪክ «ራሾሞን» በሚል ፊልም ሠራው። ፊልሙ ስሙንና ፍርስራሽ በሩን የወሰደው አኩታጋዋ በ1915 ከጻፈው ሌላ አጭር ታሪክ ነው፤ ነፍሱ ግን የጥሻው ነው። በ1951 ቬኒስ ላይ ወርቃማው አንበሳን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ምስክሮች በተለያዩ ቁጥር «ራሾሞን ነው» ማለት ፋሽን ሆነ። የፖለቲካ ተንታኙም፣ ጠበቃውም፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚከራከረውም «ሁሉም የራሱ እውነት አለው» ለማለት ይጠቀምበታል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ታሪኩ እንደዚያ አይልምና። ሦስቱን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስቱም ሳይለያዩ የሚያጸኑት አንድ ነገር አለ፦ ሴቲቱ ተደፍራለች። ወንበዴው አልካደም፣ ባልየው አልካደም፣ እሷም ተናግራለች። በዚህ ላይ ሁለት እውነት የለም። ግን መቶ ዓመት ሙሉ አንባቢ የሚከራከረው ሰውየውን ማን ገደለው በሚለው ላይ ነው። የተለያየው ነገር ዐይናችንን ስለሚስብ የተስማሙበትን እንዘለዋለን። በእኛም ዘመን በየጦርነቱ ማግስት ሲሆን የምናየው ይሄው ነው፤ ማን ጀመረው በሚለው ስንፋጅ ሁሉም ወገን ያመነው ነገር ማንም ሳይጠይቅበት ያልፋል።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1930፣ አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር «ጽጌረዳ ለኤሚሊ» የሚለውን ታሪክ አሳተመ። አኩታጋዋ ተራኪውን ሲያስወጣ ፎክነር አበዛው። ተራኪው «እኛ» ነው፤ አንድ የደቡብ ከተማ ሙሉ። ታሪኩ ከኤሚሊ ቀብር ይጀምራል፣ ወደ ግብር ክርክር ይሄዳል፣ ከቤቷ ወደ ወጣ መጥፎ ሽታ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ወዳጇ ሆመር ባሮን፣ ከዚያ አርሴኒክ መርዝ ወደ ገዛችበት ቀን። ሽታው የተነገረን ከመርዙ በፊት ነው። በትክክለኛው የቀን ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ ብትጽፉት መርዝ ተገዛ፣ ሰውየው ጠፋ፣ ቤቱ ሸተተ ይሆናል፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ሕፃን እንኳ ይደርስበታል። ከተማው ግን እንደ ሐሜት ነው የሚያወራው፤ ሐሜት ደግሞ በዓመተ ምሕረት አይሄድም። በዚህ መዘበራረቅ ውስጥ እኛም አንባቢዎቹ ሳናውቀው የከተማው ሰው እንሆናለን፤ ሽታውን እናሸታለን፣ በሌሊት ኖራ እንነሰንሳለን፣ አንጠይቅም። መጨረሻ ላይ የተዘጋው ክፍል ሲሰበር የምንደነግጠው በአጽሙ ብቻ አይደለም። መረጃው ሁሉ በእጃችን ነበር።

እዚያ ታሪክ ውስጥ ሁሉን ያየ አንድ ሰው አለ። ቶቤ የሚባለው ጥቁር አገልጋይ ነው። ገበያ ሄዶ ይመጣል፣ በር ይከፍታል። ቀብሩ ዕለት ሴቶቹን በፊት ለፊት በር አስገብቶ እሱ በጓሮ ወጥቶ ይሄዳል፤ ዳግም አልታየም። ያ ሁሉ «እኛ» ውስጥ እሱ የለበትም።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚቀመጥ ሰው ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይያዛል። «ኤሚሊ ሞተች» ይበል ወይስ «እመት ኤሚሊ አረፉ»? ከተማው እንደሚያከብራት «አረፉ» ማለቱ አይቀርም። ቶቤስ? «ከፈተ፣ ገባ፣ ወጣ» ነው። ሽማግሌ ቢሆንም አንቱታ አያገኝም። ፎክነር በትንንሽ ምልክት የበተነውን አማርኛ በግሱ ጫፍ ያወጣዋል። በቋንቋችን የማይቆም፣ የትም ያልቆመ ተራኪ የለም፤ ገና «አለ» ወይም «አሉ» ስንል ቦታችን ተለይቷል። ዜናችንን ተመልከቱ። አንዱ «በቁጥጥር ሥር ዋሉ» ሲሆን ሌላው «ተያዘ» ነው። ፍርድ ቤቱ ገና መዝገብ ሳይከፍት ግሱ ፈርዷል። ከዚህ የባሰው «ተገደሉ» የሚለው ነው፤ ገዳዩን ሳይጠራ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ያልፋል፣ ሰዋስዉም አይከሰው። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠቀምበት ቤት ይቁጠረው።

የራሳችን ልብ ወለድ በዚህ መንገድ የተጓዘው ቀስ ብሎ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተራኪው እየመከረና እያስተማረ የሚመራው ነው፤ ከኮንጃኩ ፈራጅ ተራኪ ጋር ይዛመዳል። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም»ን ሲያወጣ አጭር ታሪኩ ወደ ከተሜው ሰው ገበና ወረደ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. በ«አደፍርስ» ብዙውን ቦታ ለገጸ ባሕርያቱ ክርክር ለቀቀው። ስለ አዳም ረታ ደግሞ በአንድ አንቀጽ ማለፍ ነውር ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ ጥሻው ልመለስና አንድ ነገር ላንሳ። የሟቹ መንፈስ ቃሉን ሲጨርስ ጩቤው ደረቱ ላይ ተሰክቶ ነበር፣ ዐይኑ እየጨለመ ሳለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ መጥቶ መዘዘው። ማን እንደሆነ አላየም። ኩሮሳዋ ይህን ክፍት መተው አልቻለም፤ በፊልሙ እንጨት ቆራጩን ሁለተኛ ጊዜ አስመስክሮ ጩቤውን የወሰደው እሱ እንደሆነ እንድንረዳ አድርጓል። አኩታጋዋ ግን አልነገረንም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተመልሳችሁ ብታዩ ሹሙ የጠየቀውን ባንሰማም መልሱ አለ፦ ገመድና ማበጠሪያ እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም ይላል እንጨት ቆራጩ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ሰው።