ክራቶም፦ የቡና ዘመድ የሆነው ቅጠል በነዳጅ ማደያ ሱቆች ምን ሆኖ ይሸጣል?

በአሜሪካ የነዳጅ ማደያ ሱቆች፣ የሲጋራ መሸጫዎችና ሌሊቱን ክፍት ሆነው የሚያድሩ ትንንሽ መደብሮች፣ ገንዘብ ከሚከፈልበት ጠረጴዛ አጠገብ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶችና የእንክብል እሽጎች ተደርድረው ይታያሉ። «ተፈጥሯዊ» እና «ከዕፀዋት የተዘጋጀ» የሚሉ ጽሑፎችም አይጠፉባቸውም። ብዙዎቹ የያዙት ክራቶም የተባለውን ቅጠል ወይም ከእርሱ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ቅጠል በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሞርፊንና ሄሮይን በሚሠሩበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሌሎች ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ሱቆች ይሠራሉ፤ የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱም አሉ። ታክሲና የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ወገኖችም ሌሊት ከሥራ መልስ ወይም በመንገድ ላይ የሚቆሙት እዚያው ነው። ስለዚህ ምርቱን ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሸጠውም፣ ድካም ያስወግዳል ብሎ የሚገዛውም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል።

ክራቶም ምንድን ነው?

ክራቶም በሳይንሳዊ ስሙ ሚትራጂና ስፔሲዮሳ የሚባል፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚቆይ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ነው። በታይላንድ፣ በማሌዥያ፣ በኢንዶኔዥያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሞቃትና እርጥበታማ መሬቶች ይበቅላል። በዕፀዋት አመዳደብ ከቡና ጋር ሩቢያሴ በተባለ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። ዝምድናው ግን በውስጣቸው ያለውን ንጥረ ነገር አንድ አያደርገውም። ቡናን ቡና የሚያሰኘው ካፌይን ሲሆን፣ የክራቶም ዋነኛ ንጥረ ነገር ሚትራጂናይን የተባለ አልካሎይድ ነው።

በአካባቢው ገበሬዎችና የጉልበት ሠራተኞች ትኩሱን ቅጠል ያኝኩታል፤ አፍልተውም እንደ ሻይ ይጠጡታል። ፀሐይና ድካም ለመቋቋም፣ ሕመም ለማስታገስ፣ ተቅማጥ ለማስቆም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በጥቂቱ ሲወሰድ ያነቃቃል፤ ሲበዛ ያደነዝዛል። ታይላንድ እ.ኤ.አ በ1943 በሕግ ከልክላው የነበረ ሲሆን፣ በ2021 ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አውጥታዋለች። ወደ አሜሪካ ገበያ የሚገባው ቅጠል በአብዛኛው የኢንዶኔዥያ ምርት ነው።

ከቅጠል ወደ ጠርሙስ

ሚትራጂናይንና 7-ሃይድሮክሲሚትራጂናይን የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ከሚገኙ የኦፒዮይድ ተቀባዮች ጋር ይጣበቃሉ። ተቀባዮቹን የሚያነቃቁት በከፊል በመሆኑ፣ ቅጠሉን ብቻ የወሰደ ሰው ትንፋሹ የመቋረጥ ዕድሉ ከሄሮይን ተጠቃሚ ያነሰ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ሆኖም በሱቅ የሚሸጠው ምርት ገበሬው ከሚያኝከው ቅጠል በብዙ ይለያል።

የመጀመሪያው ልዩነት የመጠን ነው። ማንኛውም የሰብል ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ አንድ ዓይነት ተክል በአፈሩ፣ በአየር ንብረቱና በቅጠሉ ዕድሜ የተለያየ ይዘት ይኖረዋል። በታይላንድ ዛፎች ላይ በተደረገ ጥናት ሚትራጂናይን ከጠቅላላው አልካሎይድ 66 በመቶ ያህሉን ሲይዝ፣ በማሌዥያ ዛፎች ላይ የተገኘው 12 በመቶ ገደማ ነበር። የተለያየ ቅጠል ተፈጭቶ ሲደባለቅና ይዘቱ ሳይመረመር ሲታሸግ፣ ገዢው ምን ያህል እንደሚወስድ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በተለይም ተጨምቆ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ የብዙ ቅጠል ኃይል በአንድ ጉንጭ የያዘ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በቅርብ ዓመታት «ሰቨን ኦኤች» በሚል አጭር ስም በእንክብል፣ በከረሜላና በፈሳሽ መልክ የሚሸጡ ምርቶች ገበያውን ሞልተውታል። በውስጣቸው ያለው 7-ሃይድሮክሲሚትራጂናይን በተፈጥሮ ቅጠሉ ላይ ከጠቅላላው አልካሎይድ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አምራቾች ሚትራጂናይንን በኬሚካል ለውጠው በብዛት ያዘጋጁታል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ኃይሉ ከሞርፊን በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በሐምሌ 2025 ይህ ንጥረ ነገር በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። መሥሪያ ቤቱ ትኩረቱ በተፈጥሮ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን በተከማቸው ምርት ላይ መሆኑንም አመልክቷል።

ከእነዚሁ ጎን የሚሸጠው ቲያኔፕቲን ደግሞ ከነአካቴው ቅጠል አይደለም። በአንዳንድ አገሮች ለድባቴ ሕክምና የሚታዘዝ፣ በአሜሪካ ግን ፈቃድ ያላገኘ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ነው። በብዛት ሲወሰድ እንደ ኦፒዮይድ ስለሚሠራ «የነዳጅ ማደያ ሄሮይን» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል።

በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና የደም ግፊት መጨመር ክራቶም ከሚያስከትላቸው ችግሮች ጥቂቶቹ ናቸው። የጉበት ጉዳትና የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ሰዎችም አሉ። የዐይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የሰውነት ማሳከክ ጉበት መጎዳቱን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ በአፋጣኝ መታየት አለባቸው።

በየቀኑ መውሰድ ሱስ ያስይዛል። አዘውትሮ የቆየ ሰው ሲያቋርጥ የጡንቻ ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥና ብስጭት ሊገጥመው ይችላል። በእርግዝና ወቅት የወሰዱ እናቶች ሕፃናትም ከተወለዱ በኋላ ተመሳሳይ የማቋረጥ ሕመም ታይቶባቸዋል።

አደጋው የሚከፋው ከሌላ ነገር ጋር ሲደባለቅ ነው። ከአልኮል፣ ከእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ከሌላ ኦፒዮይድ ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ክራቶም ጉበት መድኃኒቶችን የሚያብላላባቸውን ኢንዛይሞች ሥራ ስለሚያውክ፣ በሐኪም ታዝዞ የሚወሰድ መድኃኒት በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲከማችም ያደርጋል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት የችግሩን መልክ ያሳያል። ከሐምሌ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ከተመዘገቡ 27,338 በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ ብዛት የደረሱ ሞቶች መካከል በ152ቱ ክራቶም ተገኝቷል፤ በ91ዱ ደግሞ ለሞት ምክንያት ተብሎ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ ሟቾች ግን ሌላ ንጥረ ነገር፣ በተለይም ፈንታኒል ተገኝቶባቸዋል። በምርመራ ክራቶም ብቻ የተገኘው በ7 ሰዎች ላይ ነበር።

ንጽሕናም ሌላው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ጥራት ያለው ቡና አፈር እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቅጠልም ሲሰበሰብ፣ ሲደርቅና ሲፈጭ እንዲሁ ካልተጠነቀቁለት ለብክለት ይጋለጣል። እ.ኤ.አ በ2018 ከክራቶም ምርቶች ጋር በተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ41 ግዛቶች 199 ሰዎች ታመዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በመረመራቸው 30 የክራቶም ምርቶችም የእርሳስና የኒኬል ብክለት አግኝቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ክራቶምን እንደ መድኃኒትም ሆነ እንደ ምግብ ማሟያ በሕጋዊ መንገድ መሸጥ እንደማይቻል ሲያሳውቅ ቆይቷል። የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በነሐሴ 2016 በጥብቅ ከተከለከሉት ተርታ ሊያስገባው አስቦ፣ ከተጠቃሚዎች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው በጥቅምት ሐሳቡን አንሥቷል። ስለዚህ ውሳኔው በአብዛኛው ለግዛቶች ተትቷል። ኢንዲያና፣ ዊስኮንሲን፣ አላባማና አርካንሳስ ሽያጩን ከልክለዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ጆርጂያ ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ደንግገዋል። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2025 የተከማቸውን 7-ሃይድሮክሲሚትራጂናይን በአስቸኳይ ደንብ አግዳለች።

ይህ የሕግ መለያየት አንባቢን ሊያሳስት አይገባም። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተከለከለ በመሆኑ፣ ትኩስ ጫት ይዞ መገኘት ያስከስሳል። የኦፒዮይድ ተቀባይ የሚያነቃቃው ክራቶም ግን ከማስቲካ አጠገብ ይሸጣል። በመደርደሪያ ላይ መቀመጡ ለጤና ተስማሚነቱ ተመርምሮ መጽደቁን አያሳይም።

ምን ማድረግ ይገባል?

የሱቅ ባለቤቶችና ሠራተኞች የግዛታቸውንና የከተማቸውን ሕግ ማጣራት፣ የሚያከፋፍለው ነጋዴ «ችግር የለውም» በማለቱ ብቻ ምርቱን አለመቀበል ይኖርባቸዋል። ደንበኛ ስለ ሕመሙ ጠይቆ ሲመጣ «ይህ ያሽልሃል» ማለት የሻጭ ሥራ አይደለም።

የሚገዛ ሰው በእሽጉ ላይ 7-ሃይድሮክሲሚትራጂናይን ወይም ቲያኔፕቲን የሚል ጽሑፍ ካየ ምርቱን መተው ይበጀዋል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የጉበት ሕመምተኛና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከማንኛውም የክራቶም ምርት መራቅ አለባቸው። «ሲበዛ ማርም ይመራል» እንዲሉ፣ በአገር ቤት ኮሶ እንኳ ተለክቶ የሚጠጣው መጠኑ ሲያልፍ ስለሚጎዳ ነው፤ መጠኑ ያልታወቀ እሽግ ይህን ልክ አይሰጥም።

በየቀኑ መውሰድ የጀመረ ሰው በኀፍረት ከመደበቅ ይልቅ የሚወስደውን ምርት እሽጉን ይዞ ለሐኪም ቢያሳይ ይረዳዋል፤ ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጡ ሕክምናዎች ለዚህም አገልግሎት ላይ ውለዋል። ቤተሰብም ቢሆን የልጁን ወይም የዘመዱን ሕመም እንደ ስንፍና ሊቆጥረው አይገባም።

አንድ ሰው ከወሰደ በኋላ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገዩ 911 መደወል ያስፈልጋል። ናርካን በሚል ስም የሚታወቀው በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል፤ ሰውየው ምን እንደወሰደ በትክክል ባይታወቅም መስጠት ይመከራል። እርዳታ እስኪደርስም በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ መቆየት ነው። ለምክር ብቻ የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ቁጥር 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነፃ መደወል ይችላል።