ልብ የወለደው ታሪክ ስም ሲወጣለት

ከእናንተ መካከል ማታ ማታ በስልካችሁ ታሪክ እየጻፋችሁ በቴሌግራም የምታወጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዘንዶ፣ የሚናገር ዛፍ፣ ከደመና በላይ ያለ ከተማ ይመጣበታል። አነበዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለቴ አነበዋለሁ። ከታሪኩ እኩል የሚያስጨንቃችሁ ርእሱና ከሥሩ የምትደረድሯቸው ሃሽታጎች እንደሆኑም አይቻለሁ። ይህን ያነሣሁት ልነቅፋችሁ አይደለም። በእኛ አገር ለፈጠራ ታሪክ ስም ማውጣት ከስልክ በፊት የነበረ ሥራ ነው፤ በዚህ እትም ስለ እርሱ ላጫውታችሁ።

መካነ ሰላም ያደግን ልጆች የመጀመሪያውን መለያ የሰማነው ከምድጃ ዳር ነው። አያቴ እሳቱን ቆስቆስ ታደርግና «ተረት ተረት» ትላለች። እኛ «የላም በረት» ብለን ካልመለስንላት አትቀጥልም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ አኩርፎ ዝም ቢል እርሷም ዝም አለች፤ እስኪመልስ ጠበቀችው። ያን ጊዜ የጨዋታ ወግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ውል ነበር። ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢፈርድ፣ ጦጣ ብትማልድ፣ ማንም ማንንም ውሸታም አይልም። ሲያልቅም ተረቷን እንድንመልስላት ጠይቃ ዳቦዋን ትጠብቃለች፤ የተከፈተው በር እዚያው ይዘጋል።

በጽሑፍ ዓለም ነገሩ ሌላ ነበር። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በአማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በብራና መጻሕፍቷ የታወቀች ናት። የጥንት ብራና እንደ ዛሬ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ርእስ የለውም። ገልጣችሁ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም የተጻፉትን፣ ማንበብ አለባችሁ። እዚያ የሥራው ዓይነት ይነገራችኋል፦ ገድል ነው፣ ድርሳን ነው፣ ተአምር ነው፣ ዜና ነው። እኛ ወንጌላውያን እነዚህን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አንቆጥራቸውም፤ የጸሐፊዎቹን ጥንቃቄ ግን ልናከብር ይገባል። አንባቢው በምን ልብ እንደሚያነብ አስቀድመው ይነግሩታል። ነገር ግን አንድ ጎዶሎ አለ። ስለ ታላቁ እስክንድር በግዕዝ የተጻፈው የድንቅ ጉዞ ታሪክ «ዜና እስክንድር» ይባላል። እስክንድር በእርግጥ የነበረ ንጉሥ ነው፤ ከተጻፈለት ድንቅ አብዛኛው ግን አልሆነም። «ዜና» የሚለው ቃል ሁለቱን አይለይም። «ይህ የሆነ ነው፤ ይህ የታሰበ ነው» ብሎ የሚለይ ቃል በመጽሐፍ ፊት ገና አልቆመም ነበር።

ያን ቃል ያቆመው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። (በኋላ ከጣልያን ወራሪ ጋር በመቆሙ ስሙ የሚያሳዝን ሰው ነው፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 በሮም ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ ይቆጠራል። በጦርነት አባታቸው የተማረከባቸው መንታ ልጆች፣ ዋሕድና ጦቢያ፣ የሚንከራተቱበት ታሪክ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች፤ ንጉሥ ይመጣል፣ ፍቅር ይመጣል፣ በመጨረሻ ሠርግ አለ። ዛሬ ከእናንተ አንዱ ቢጽፈው ምን ብሎ ይሰይመው ነበር? «የወንድ ልብስ የለበሰችው ልዕልት» ሳይል አይቀርም። አፈወርቅ ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱንም አልመረጠም። መጽሐፉ ፊት ላይ የጻፈው «ልብ ወለድ ታሪክ» ብቻ ነው። የሆነ ታሪክ አይደለም፤ ልብ የወለደው ነው።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። ያ ርእስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መለያ ነበር። ልክ እናንተ ከሥር እንደምትለጥፉት ሃሽታግ ያለ ነገር ነው፤ እርሱ ግን ከላይ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይገርመኛል። በኋላ ዘመን መጽሐፉ ሲታተም በጀግናዋ ስም «ጦቢያ» ተባለ። ስሟ አገሪቱን ራሷን የምንጠራበት የቁልምጫ ስም ስለሆነ ለአንባቢ ጆሮ ይጣፍጣል። የቀድሞው ርእስ ግን አልሞተም፤ ከአንድ መጽሐፍ ላይ ወርዶ የሁሉም መጠሪያ ሆነ። ዛሬ መጻሕፍት መሸጫ ገብታችሁ «ልብ ወለድ አለ?» ስትሉ ሳታውቁት የዚያን መጽሐፍ የመጀመሪያ ስም እየጠራችሁ ነው።

ቀጥሎ የመጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ከልብ አልራቁም። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የሚሉ መጻሕፍት አወጡ። ሁለተኛው ርእስ ለዛሬ ስልክ ይረዝማል፤ ግን ሥራውን በደንብ ተከፋፍሎታል። ግማሹ ነገሩ የታሰበ መሆኑን ይናገራል፣ ግማሹ ስለ ማን ጋብቻ እንደሆነ ይነግራል። በ«ወዳጄ ልቤ» ላይ ደግሞ የጆን ባንያን ጥላ እንዳረፈበት የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ይናገራሉ።

ባንያንን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ከእኛ መካከል «ያልሆነን ነገር መጻፍ ውሸት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ተግሣጻቸው ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ለባንያንም ይህንኑ ብለውታል። ስለ ክርስቲያን ጉዞ የጻፈውን መጽሐፍ አንዳንዶቹ አሳትመው ሲሉት ሌሎቹ ተው እንዳሉት ራሱ በመግቢያው ይናገራል። በ1678 ሲያሳትመው በፊተኛው ገጽ ላይ ነገሩ በሕልም አምሳል የቀረበ መሆኑን በግልጽ ጻፈ፤ ከሥሩም ስለ ምሳሌ የሚናገር ቃል ከነቢዩ ሆሴዕ ጠቀሰ። ደፍሮ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈም ተናገረ። በመሳፍንት 9 ኢዮአታም ንጉሥ ፍለጋ የወጡ ዛፎችን ሲያናግር የሰማ ሁሉ ምሳሌ መሆኑን ያውቃል። «ናታንስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ናታን የድሃውን በግ ታሪክ ለዳዊት ሲነግረው መለያ አልለጠፈበትም። ነገር ግን ናታን ከንጉሡ ፊት አልሄደም፤ እዚያው ቆሞ ፈታለት። እናንተ አንባቢያችሁ ፊት አትቆሙም።

ርእስ ራሱ ሊደብቅ ይችላል፤ ይህን አልቃወምም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲል፣ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ» ሲል አንባቢው ትርጉሙን ፍለጋ ነው መጽሐፉን የሚከፍተው። መደበቅ የርእስ መብት ነው። መለያ ግን የተፈጠረው ለመናገር ነው።

በነገራችን ላይ በአማርኛ መለያ መለጠፍ የራሱ ጣጣ አለው። ሃሽታግ ክፍት ቦታ አይወድም። #ልብ ብላችሁ ትንሽ ቦታ ትታችሁ «ወለድ» ካላችሁ ስልኩ «ልብ» ላይ ያቆመዋል፤ ታሪካችሁም ከልብ ሕመም ምክርና ከፍቅር ዘፈን ጋር ይደባለቃል። ከሥር በሰረዝ አገናኙት፦ #ልብ_ወለድ። ደግሞ አንዱ «ልብወለድ»፣ አንዱ «ልቦለድ» ብሎ ይጽፋል፤ «ዓለም» እና «አለም»ም ለፈላጊው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እንግዲህ ሁለቱንም መጻፍ ነው። ፋንታሲ ለምንለው ዓይነት ደግሞ ሁሉም የተስማማበት የአማርኛ ስም ገና የለንም። «ምናባዊ» የሚለው ጥሩ ይመስለኛል፤ የተሻለ ካላችሁ አምጡ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝን ልንገራችሁ። ከወጣቶች ኅብረታችን አንዲት እኅት ስለ ደንቆሮ ጫካ ጻፈች። ጫካውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት፣ ጉሙ ከቀትር በፊት የማይነሣበት። በታሪኳ ውስጥ በአስታው መካከል የተደበቀች ምንጭ አለች፤ ከእርሷ የጠጣ ሕፃን ይድናል። በጣም ያማረ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ግን #እውነተኛ_ታሪክ ብላ ለጠፈችበት፤ እንደዚያ ካልተባለ አይነበብም ብለዋት። በእርግጥም ተነበበ። በሳምንቱ አንዲት እናት ከከላላ ደወለችላት። ልጇ ታሞባታል። ስለ ታሪኩ ማማር ምንም አላለችም፤ «እኅቴ፣ ምንጯ በየት በኩል ናት? ከመካነ ሰላም በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ነው ያለቻት።

እኅታችን ያን ማታ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። ለሴትዮዋ እውነቱን ነግራታለች፤ ሴትዮዋም ምንም ሳትመልስ ስልኩን ዘጋችው። ታሪኩን ላጥፋው ስትል ተይ አልኳት። «ጋሼ፣ ልብ ወለድ ካልኩት ግን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። የአፈወርቅን መጽሐፍ ነገር የነገርኳት ያን ጊዜ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው እንዳነበበው። ለዚያች እናት ግን ምን እንደምላት አላወቅሁም። አብረን ጸለይንላት፤ በማግስቱ መልሳ ደወለችላት፤ ልጁን ወደ ሆስፒታል ይዛው መጥታ ነበር።

ርእሱን አልለወጠችም፤ «በጉም ውስጥ ያለችው ምንጭ» እንዳለ ነው፤ መለወጥም አልነበረበትም። ከሥሩ ያለውን አጥፍታ #ልብ_ወለድ እና #ምናባዊ አለችበት። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በላይ ደግሞ፣ ማንም ሳይነግራት፣ «ተረት ተረት» ብላ ጻፈች። እንደገና ባወጣችው ምሽት ገብቼ አየሁ። ከታች የመጀመሪያው አንባቢ የጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «የላም በረት»።