ስንተኛ ወጣ?

እስኪ ስለ አንድ ሯጭ ላውጋችሁ። ወርቅ አላጠለቀም፣ የጀመረውንም መንገድ አልጨረሰም። እኛ አገር ሯጭ ሲነሳ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ስንተኛ ወጣ?» ነው። ጥያቄውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ልጁ ቴሪ ፎክስ ይባላል፤ ካናዳዊ ነው። ያደገው ከቫንኩቨር ብዙ በማትርቀው በፖርት ኮኪትላም ነው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ቀኝ ጉልበቱን አመመው። ሐኪሞች የአጥንት ካንሰር ነው አሉ፤ እግሩንም ከጉልበቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቆረጡት። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ አንድ መጽሔት ደረሰው። በሰው ሠራሽ እግር የኒውዮርክን ማራቶን የሮጠ ሰው ታሪክ ነበረበት። ሐሳቡ በዚያች ሌሊት ተጸነሰ።

መጽሔቱ ብቻ ግን አላስነሳውም። ከዚያ በኋላ 16 ወር ኬሞቴራፒ ወሰደ። በሕክምናው ክፍል ከእሱ ያነሱ ልጆች ሲሰቃዩ ሰማ፤ አጠገቡ የነበሩ አልጋዎች ባዶ ሲሆኑም አየ። ሐኪሞቹ የመዳን ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ነው ብለውታል፤ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢታመም ኖሮ 15 ከመቶ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መሃል የገባው ምርምር ነው፤ ምርምር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ቴሪ ከዚያ ክፍል በእግሩ ሲወጣ፣ ያልወጡትን ልጆች ዕዳ ተሸክሞ ወጣላችሁ።

ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ፣ አገሬን ከዳር እስከ ዳር እሮጣለሁ ሲል እናቱ እብደት መሰላቸው። አባቱ የጠየቁት አንዲት ቃል ነበረች፦ «መቼ?»

መቼ ብትሉ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1980፤ ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። በምሥራቁ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ሴንት ጆንስ፣ ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነከረ። ሁለት ጠርሙስ ውሃም ቀዳ፤ አንዱ ለማስታወሻ፣ ሌላው በምዕራቡ ጫፍ ፓስፊክ ውስጥ ሊያፈሰው። ጓደኛው ዳግ አልዋርድ ቫን እየነዳ አጀበው። በቀን ወደ 42 ኪሎ ሜትር፤ ማለትም ዛሬ ማራቶን፣ ነገም ማራቶን፣ ከነገ ወዲያም ማራቶን።

አሯሯጡ ዜማ ነበረው። በጤነኛው እግሩ ሁለቴ ዘለል ይላል፣ በሰው ሠራሹ አንዴ ይረግጣል፦ ዱብ፣ ዱብ፣ ቋ! ዱብ፣ ዱብ፣ ቋ! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንፋሱ፣ ዝናቡና በረዶው ተፈራረቁበት። ጉማጁ ተላጠ፣ ደማ። ድካሙ ሲበዛ ከዳግ ጋር ተኳረፉ፤ ወላጆቹ ሊያስታርቋቸው እስከ ኖቫ ስኮሺያ በረሩ። ሽምግልና እኛ ጋ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።

ገንዘቡ መጀመሪያ ላይ ጠብ አላለም። ታዲያ ፖርት ኦ ባስክ የምትባል 10,000 ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ሲደርስ፣ ሕዝቡ ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጥቶ ሰጠው። በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር መሆኑ ነው። ሕልሙም ውሎ አድሮ ይህንኑ መሰለ፦ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር፣ በጠቅላላው 24 ሚሊዮን። ኩባንያዎችን ግን ማስታወቂያችሁን ደረቴ ላይ አልለጥፍም አለ።

የፎር ሲዝንስ ሆቴሎች መሥራች አይሳዶር ሻርፕ ይህን ሰሙ። ሻርፕ ወንድ ልጃቸውን በ1978 በቆዳ ካንሰር ቀብረዋል። ለእያንዳንዱ ማይል ሁለት ዶላር ልክፈል አሉ፤ ሌሎች 999 ኩባንያዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጠየቁ። በእኛ አነጋገር፣ ሻርፕ የልጃቸውን ተዝካር በዚህ ልጅ እግር አወጡ። ድንኳን የለም፣ ጠላ የለም፤ አውራ ጎዳና ብቻ።

ኩቤክን ሲያልፍ አስተዋሽ አጥቶ የነበረው ልጅ ኦንታሪዮ ሲገባ ሰው መንገዱን ሞላው። ቶሮንቶ ሐምሌ 11 ቀን 10,000 ሰው ሆና ወጣች። ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ ካናዳ ባልተካፈለችበት የሞስኮ ኦሎምፒክ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በማግስቱ ቴሪ ግሬቨንኸርስት በምትባል ከተማ 22ኛ ዓመቱን ያዘ። ከአራት ቀን በኋላ ምሩጽ በ5,000 ሜትርም ደገመ። ያን ሳምንት አንዱ በስታዲየም እየዞረ፣ አንዱ በጎዳና እየቀጠለ ነበር፤ አንዱ ሪባን የሚበጥስበት ቦታ አለው፣ ሌላው የለውም።

ነሐሴ ላይ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በብስክሌት ከኋላው ተከተለው። እሱም እግሩን በካንሰር ያጣ ነበር። ቴሪ በጉዞው ሁሉ እንደዚያ ቀን የነካው እንደሌለ ተናግሯል።

መስከረም 1 ቀን፣ ታንደር ቤይ አጠገብ፣ ሳል ያዘው፤ ደረቱን ወጋው። መቆም ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያጨበጭባል። ስለዚህ ሰው እስኪያልቅ ሮጠ። ሰው ሲያልቅ ዳግን ሐኪም ቤት ውሰደኝ አለው። ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ ነበር። 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር። ፓስፊክ ገና ሩቅ ነው፤ ያ ውሃ በእጁ አልፈሰሰም።

እሱ ሲተኛ አገሩ ተነሳ። በሳምንቱ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባዘጋጀው ዝግጅት 10.5 ሚሊዮን ዶላር ተዋጣ። የካቲት 1 ቀን 1981 ሒሳቡ ሲደመር 24.17 ሚሊዮን ሆነ፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ሞላ ማለት ነው። ቴሪ ይህን በሕይወት ሳለ ሰማ። ሰኔ 28 ቀን፣ 23 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ አረፈ።

በዚያው ዓመት መስከረም 13 ቀን በስሙ በተጠራው የመጀመሪያ ሩጫ 300,000 ሰው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይሮጣል፤ በብዙ አገሮችም። ለካንሰር ምርምር ከ850 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተሰብስቧል። የቴሪ ዓይነት ካንሰር የያዛቸው ብዙ ልጆችም ዛሬ እግራቸው ሳይቆረጥ ይታከማሉ።

ምሩጽም በስተርጅና ኑሮው ቶሮንቶ ሆነ፤ በ2016 ያረፈውም እዚያው ነው። ያች ከተማ ሁለቱንም ሯጮች ታውቃለች።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ጥያቄ። በቴሪ ፎክስ ሩጫ «ስንተኛ ወጣህ?» ብትሉ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። አንደኛ የሚባል የለም፣ ሽልማት የለም፤ አያት በዱላ ይሄዳሉ፣ ሕፃን በጋሪ ይገፋል። በደረት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት ግን አለች። «የምሮጠው ለ...» ትልና ቀሪውን ባዶ ትተዋለች። እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት ብዕር ተቀብሎ አንድ ስም ይጽፍባታል።