በክሪፕቶ ገንዘብ የሚቀርብ የበጎ አድራጎት ጥሪ፦ ከመስጠት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

«በጎ አድራጎት» የሚለው ስያሜ በራሱ የሕጋዊነት ማረጋገጫ አይደለም። ከቦሌና ገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት የሚኖር ተገልጋይም ሆነ በውጭ አገር የሚገኝ ወገን፣ በክሪፕቶ ገንዘብ እንዲለግስ ወይም «ከትርፉ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ይውላል» የተባለ ዲጂታል ሳንቲም እንዲገዛ ሲጠየቅ፣ ጥሪውን አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ጥንቃቄው ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. በ2021 «ሴቭ ዘ ኪድስ» የተባለ ሳንቲም ለሕፃናት መርጃ እንደሚውል ተነግሮለት በታዋቂ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎች ከተዋወቀ በኋላ ዋጋው ወዲያውኑ አሽቆልቁሏል። ሀብቱን ለበጎ ሥራ እንደሚያውል ይናገር የነበረው የኤፍቲኤክስ መሥራች ሳም ባንክማን ፍሪድ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከከሰረ በኋላ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በሌላ በኩል ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የክሪፕቶ ልገሳ መቀበያ ፈንድ አቋቁሟል። ስለሆነም መመዘን ያለበት ስያሜው ሳይሆን ተቀባዩ ማን እንደሆነና በማን ፊት ተጠያቂ እንደሚሆን ነው።

በባንክ የተላለፈ ገንዘብ የሒሳቡ ባለቤት ይታወቃል። በክሪፕቶ ግን የመቀበያው አድራሻ ለሁሉም ቢታይም የባለቤቱ ማንነት ላይታወቅ ይችላል፤ የተላከውንም መመለስ የሚችለው ተቀባዩ ብቻ ነው።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ብር የአገሪቱ ሕጋዊ የመገበያያ ገንዘብ መሆኑን፣ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ይመዘገባሉ፤ ዓመታዊ ሪፖርትም ያቀርባሉ። ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደራዊ ወጪ ሊያውል የሚችለው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ ያልበለጠውን ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለተወሰነ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያቋቁሙት የበጎ አድራጎት ኮሚቴም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከመስጠት በፊት

1. የምዝገባ ምስክር ወረቀት ወይም የኮሚቴ ፈቃድ መጠየቅና ትክክለኛነቱን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማጣራት፤
2. የባንክ ሒሳቡ በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ወይም በኮሚቴው ስም መከፈቱን ማረጋገጥ፤
3. በአካል ሊጎበኝ የሚችል ቦታ መኖሩን ማየት፤ በአያት አካባቢ እንደሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያለ ተቋም በሩ ይታወቃል፣ ሥራው ይታያል፤
4. ለታማሚ የሚሰበሰብ ከሆነ የሕክምና ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም ማጣራት፤
5. ልገሳን ከትርፍ ተስፋ ጋር የሚያጣምር ጥሪን አለመቀበል።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ

የተጠራጠረ ሰው የመልእክት ልውውጡን፣ የመቀበያ አድራሻውንና የግብይቱን መለያ ሳይሰርዝ ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት አለበት። «ክፍያ ከፈጸሙ ገንዘብዎን እናስመልሳለን» የሚሉ ወገኖች ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ማጭበርበር የሚፈጽሙ በመሆናቸው ተጨማሪ ክፍያ መፈጸም አይገባም።

ሐሰተኛ ጥሪ የሚጎዳው ሰጪውን ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ አመኔታ ሲሸረሸር በእውነት የተቸገረው ወገንም ረዳት ያጣል።