የእትዬ ደብተርና ከፍሎሪዳ የሚመጣው ሣጥን

ባለፈው ክረምት መውጫ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወጣት በሩ ላይ የተቀመጠለትን ካርቶን አንሥቶ ወደ ቤት አስገባ። መብራቱን አጠፋ፤ መጋረጃውን ዘጋ። ፕላስተሩን በቢላ ቀስ ብሎ ቀዶ የስታይሮፎሙን ክዳን ሲያነሣ፣ ከክዳኑ ሥር በጋዜጣ ተሸፍኖ የተለጠፈው ማሞቂያ ገና ለብ ያለ ነበር። ውስጡ 6 ፌስታሎች አሉ፤ በየፌስታሉ መዳፍ የሚያህል ክብ ዓሣ፣ አንዳንድ ዲስከስ። ፌስታሎቹን ሳይፈታ ለብቻ በተዘጋጀ ገንዳ ላይ አንሳፈፋቸውና ሰዓቱን አየ። 20 ደቂቃ ሲሞላ አንዱን ፈታ፤ ውሃውን በመረብ አጥልሎ ወደ ባልዲ ደፋው፤ ዓሣውን ብቻ ወዲያው ገንዳ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄደ። 6ቱም በሕይወት ገቡ።

«ይህን ከማን ተማርከው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። «ይኼማ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ድሮም እንዲህ ነው የሚደረገው።»

ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው በዚያ ጠዋት አጠገቡ ቆሞ ነበር። ድሮ እንዲህ አይደረግም ነበር። ድሮ ሣጥኑ በመጣ ማግስት ከገንዳው የሚወጣው ሬሳ ነበር። ይህች የ20 ደቂቃ ሥራ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤቶች የተለመደችው በብዙ ኪሳራና በብዙ ኩርፊያ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ሴት ባስቀመጡት ደብተር ነው።

በመጽሐፍ የሚገኘው ታሪክ ብዙ ቦታ አይወስድም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃት ኒዮን ቴትራ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው በ1936 ነው፤ ስሙም የፊላደልፊያውን የዓሣ መጽሔት አሳታሚ ዊልያም ኢነስን ያስታውሳል። በዚያው አሥርት ዓመት ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ አካባቢ የዓሣ እርሻዎች ተስፋፉ፤ ዛሬም የአገሪቱ የጌጥ ዓሣ እርባታ ዋና ማዕከል ያ አካባቢ ነው። ዓሣ በቆርቆሮ ጣሳ መጓዙ ቀርቶ ኦክሲጅን በተሞላ ላስቲክ መጓዝ ሲጀምር ንግዱ ሰፋ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደንብም እባብንና ኤሊን ከልክሎ፣ ጉዳት የማያደርሱ ትንንሽ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳትን በሚገባ እስከታሸጉ ድረስ ይቀበላል። በመጽሐፍ ያለው ይኸው ነው። በአርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ፣ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለችም።

በዚያች ቤት በ1993 ሦስት ወንዶች በደባልነት ይኖሩ ነበር። ጸሐፊው አንዱ ነው። ሌላው ናሽናል ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚነዳ የጎንደር ልጅ ነበር። አንድ ምሽት የተሳፋሪ ሻንጣ ቤት ድረስ ሲያስገባ፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዲስከሶች ቆመው፣ በጎንና በጎናቸው እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ልጆች ተለጥፈው አየ። ዲስከስ ልጆቹን በቆዳው ላይ በሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ይመግባል፤ አንዱ ወላጅ ሲደክመው ልጆቹ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ታክሲ ነጂው ቤት ደርሶ ጫማውን ሳያወልቅ «የሚያጠባ ዓሣ አየሁ!» አለ። እናቱን ካየ 9 ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሌሊት አልተኛም።

ለእኛ ሰው ዓሣ ማለት የሐዋሳ ጥብስ፣ የዝዋይ ዱለት ነው። ለአንድ ዓሣ 60 ዶላር መክፈል ለጎረቤት የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ያ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ ስንት ጉድጓድ ይደፍናል! ስለዚህ ነገሩ በድብቅ ተጀመረ። ከዓሣ መጽሔት ጀርባ ካለች ትንሽ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር ተገኘ፤ ቼክ በፖስታ ተላከ፤ ከፍሎሪዳ የተነሣው ሣጥን በአውሮፕላን ጭነት ክፍል መጣ። ታክሲ ነጂው ኤርፖርቱን እንደ ቤቱ ያውቀዋልና ሣጥኑን የሚያነሣው እሱ ነበር። የኋላ መቀመጫው ላይ ቀበቶ አስሮለት፣ ማሞቂያ ከፍቶለት፣ ተሳፋሪ ሳይጭን ወደ ቤት ያመጣዋል።

ማን ጀመረው የሚለው ጠብም ከዚሁ ይነሣል። ኬ ስትሪት ላይ ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሌላ ወዳጅ «እኔ በ1992 አስመጥቻለሁ» ይላል። ታክሲ ነጂው ደግሞ «እሱ ያስመጣው ኒዮን ነው፤ እሱም የዚያኑ ሌሊት አልቋል፤ የሞተ አይቆጠርም» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱ በዚህ ምክንያት አንድ ፋሲካ ሙሉ ሳይጠያየቁ አልፈዋል። ዛሬም ሁለቱን አንድ ሰርግ ላይ ያገኘ ሰው ይህን ጥያቄ ባያነሣ ይሻለዋል። ጸሐፊው የሁለቱንም ሣጥን ተሸክሟል፤ የሁለቱንም ሬሳ ቀብሯል። ፍርዱ አንድ ነው፤ ማስመጣት መጀመር አይደለም። ጀማሪው ዓሣው በሕይወት እንዲቆይ ያደረገ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ትልቁ ስህተት ከደግነት የመጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ የሚሰጠው ምክር «ዓሣውን ቀስ በቀስ አለማምዱት» የሚል ነው። ስለዚህ ፌስታሉ ባልዲ ውስጥ ይፈታል፤ ከገንዳው በቀጭን ቱቦ ውሃ እንደ ግሉኮስ ጠብ ጠብ ይልለታል፤ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት። ሰው ሁሉ ባልዲውን ከብቦ ይቀመጣል። ዓሣው መጀመሪያ ይረጋጋል፤ ቆይቶ ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ከዚያ በጎኑ ይተኛል።

የዚህን ምስጢር የፈቱት እትዬ ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ብቻ ነው የሚላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበሩ፤ እዚህ መጥተው የሆቴል አልጋ አነጠፉ። ለታክሲ ነጂው የአክስት ልጅ ናቸው። አንድ እሑድ ለቡና መጥተው ባልዲው ዙሪያ የተቀመጠውን ሐዘንተኛ ሲያዩ «ውሃውን ለክታችሁታል?» አሉ። የለካ አልነበረም። በሚቀጥለው ሣጥን የአሞኒያና የፒኤች (የውሃ አሲዳማነት) መለኪያ ይዘው መጡ። ፌስታሉ እንደተፈታ ውሃ በብልቃጥ ቀዱ፤ ጠብታውን ጨመሩ፤ ብጫ መሆን የነበረበት ውሃ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ፒኤቹ 6 ላይ ነበር። ጠብታ ውሃው አንድ ሰዓት ከወረደ በኋላ እንደገና ሲለኩት 7.4 ደርሷል።

የሆነው ይህ ነው። ዓሣው በታሸገ ፌስታል ውስጥ ሌሊቱን ሲተነፍስ ያደረ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያም ይጠራቀማል፤ ውሃው አሲዳማ እስከሆነ ድረስ ግን አሞኒያው አሞኒየም ወደሚባል፣ ብዙም ወደማይጎዳ መልክ ተለውጦ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፤ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ የታሰረው አሞኒያ ተፈትቶ መርዝ ይሆናል። ከገንዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ይህን ያፋጥነዋል። ሰዎቹ በፍቅር ከብበው የተቀመጡት ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ሲመረዝ ለማየት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ ተገለበጠ። ሣጥኑ ከመድረሱ በፊት ገንዳው ይዘጋጃል፤ ውሃው 28 ወይም 29 ዲግሪ ይሆናል። ላኪው ዓሣዎቹን ቢያንስ አንድ ቀን ሳያበላ እንዲያሽግ በስልክ ይለመናል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ውሃውን ብዙ አያቆሽሽም። ፌስታሉ ሳይፈታ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ከፈቱ መዘግየት የለም። የፌስታሉ ውሃ አንዲት ጠብታ እንኳ ገንዳ ውስጥ አይገባም። መብራት እስከ ማግስቱ አይበራም። እትዬ ይህን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር ጻፉ፦ የተላከበት ቀን፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች፣ አሞኒያ። የመጨረሻው ዓምድ «የሞቱ» ይላል።

በ1997 ሌላ መስመር ተጨመረበት። ጤነኛ የመሰሉ አዳዲስ ዓሣዎች በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር ተቀላቅለው በሳምንቱ ገንዳው ሙሉ ጠቆረ፤ 14 ዲስከሶች አለቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጤ በስፖንጅ ማጣሪያ ብቻ በሚሠራ ባዶ ገንዳ፣ በራሱ መረብና በራሱ ባልዲ፣ 6 ሳምንት ለብቻው ይቆያል።

ትልቁ ኩርፊያ ግን በ2000 መጨረሻ የመጣው ነው። ታክሲ ነጂውና የፓርኪንጉ ሰው ታርቀው አንድ ሣጥን በጋራ አስመጡ፤ 12 ዲስከስ፣ እኩል ተካፈሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የገቡት 6ቱ በሉ፣ ጠጡ፣ ደመቁ። አርሊንግተን የገቡት በሁለተኛው የውሃ ቅያሪ አየር እንዳጠረው ሰው ወደ ላይ ወጥተው እያለከለኩ ሞቱ። «ደካማ ደካማውን ለይተህ ሰጠኸኝ» አለ አንዱ። «ዓይንህ ነው የበላቸው» አለ ሌላው። ሁለቱም ውሃቸውን የሚያዘጋጁት በአንድ መንገድ ነበር፤ በባልዲ ቀድተው ማሳደር።

መልሱን ያገኙት አሁንም እትዬ ናቸው፤ ያገኙትም ማንም ከማያነበው የውሃ ማስታወቂያ ላይ ነው። ለዋሽንግተንና ለአርሊንግተን ውሃ የሚያጣራው ዋሽንግተን አኩዌደክት በዚያው ኅዳር ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተሻግሮ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚጠጣው ከሌላ ድርጅት ነው፤ እሱ በክሎሪኑ ቀጥሏል። ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ሲያድር ተንኖ ይጠፋል። ክሎራሚን ግን ክሎሪንና አሞኒያ የተጋቡበት ስለሆነ ቢያድርም አይለቅም፤ ክሎሪኑን ብቻ የሚያጠፋ መድኃኒት ቢጨመርበት ደግሞ አሞኒያው ይቀራል። ሁለቱንም የሚይዝ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚያ ለውጥ ከተማዋ ከባድ ዋጋ ከፍላለች፤ አዲሱ ውሃ በአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ እርሳሱን እየበላ ወደ ሰው መጠጥ እንዳስገባው በኋላ ታውቋል። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ደግሞ 6 ዲስከስና አንድ ወዳጅነት ሄደ። እትዬ ማስታወቂያውን በአማርኛ ተርጉመው ለሁለቱም አነበቡላቸው። ይቅርታ ተባባሉ፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆኑም።

የካቲት 2010 የወረደው በረዶ ታሪክ ለወጣቶቹም ደርሷቸዋል፤ በየመሰባሰቢያው ይተረካል። በደለስ ኤርፖርት 32 ኢንች የተቆለለበት ቅዳሜና እሑድ፣ ሐሙስ የተላከ ሣጥን መጋዘን ውስጥ ተይዞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በእግር ተሄዶ ወጣ። 6ቱም ዓሣዎች ተርፈዋል ይባላል። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ለዓመታት «6ቱም» እያለ ተርኮታል። ለዚህ ጽሑፍ ደብተሩ ሲገለጥ የእትዬ እጅ ጽሑፍ «የሞቱ፦ 2» ይላል። አራቱ ተርፈዋል፤ ለአራት ቀን መንገድ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ያተረፋቸውም ባዶ ሆድና እጥፍ ፌስታል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ ለዚህ ሥራ «ፈር ቀዳጅ» ተብሎ አንድ ሰው ተሸለመ። የመጀመሪያ ሣጥኑን ያስመጣው በ2014 ነው። ጎበዝ አርቢ ነው፤ ሽልማቱም ለትጋቱ ቢሆን ማንም ባልተቃወመ። መድረኩ ላይ የዘረዘረው ግን ቃል በቃል የሰማያዊው ደብተር ነው፤ 20 ደቂቃው፣ ጨለማው፣ 6 ሳምንቱ። እትዬ ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ። ታክሲ ነጂውና የፓርኪንጉ ሰው በዚያ ምሽት ከ10 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሁለቱም አዳራሹን ጥለው ወጡ።

እትዬ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ገንዳና አንድ ጥንድ ዲስከስ አለ፤ ባለፈው ጥቅምት ልጆች አጥብተዋል። ደብተሩ ሦስተኛው ላይ ደርሷል፤ መጨረሻው ላይ 11 ባዶ ገጾች ቀርተውታል። እሳቸው ሽልማት አይጠይቁም። የሚጠይቁት በዚህ አካባቢ ሣጥን የደረሰው ሁሉ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹንና አሞኒያውን ጽፎ እንዲያቀብላቸው ነው። የሞቱትንም ቁጥር ሳይደብቅ።